ሰርቪሱ ሳያመልጠኝ

ቂሊንጦ ባለ አንድ ፋብሪካ፣ ሶፍትዌር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ልጆቹ የጻፉት ፕሮግራም ወደ መጋዘኑና ወደ ሽያጩ ኮምፒዩተሮች ከመግባቱ በፊት እኔ እፈትሸዋለሁ። ልጆቹ የምላቸው ትዳር የያዙ፣ ጢም ያወጡ ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸውን ግን ሰርቪሱ ሊነሳ ሲል ነበር የሚያስረክቡኝ። ስህተት አገኝበትና እመልሳለሁ፤ ታርሞ ሌላ ስህተት ይዞ ይመጣል። በዚህ መሀል ሰርቪሱ ወደ አቃቂ ይሄዳል።

አለቃችን ይህን አሠራር ሊያሻሽል ቆርጦ ተነሳ። ባልደረባ ያላየው ሥራ ወደ እኔ እንዳይመጣ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ጨርሶ እንዳይላክ ደንብ አወጣ፤ አሰልጣኝም ጠራ። ልጆቹ ሳምቡሳውን በሉ፣ የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ፎቶ ተነሱ፣ በማግስቱ እንደ ልማዳቸው ቀጠሉ። አንዱማ "ምን አጥፍቼ ነው ኮዴን ሰው የሚያይብኝ?" ብሎ ከልቡ አዘነ።

ባለቤቴ ያኔ ታሞ ተኝቶ ነበር። ቀን እህቱ ታስታምመዋለች፤ ሲመሽ መድኃኒቱን ይውጥና ወዲያው እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ የምፈልገው ነቅቶ ሳለ መድረስ ብቻ ነበር። ሰርቪሱ ካመለጠኝ አልደርስም። ቢሮ ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን ያ ኮዱን የማያሳየው ልጅ አስመሸኝና አፍሮ በባጃጅ እቤቴ ድረስ አመጣኝ። ባለቤቴን ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደውም ነበር፤ አልጋው ላይ ሆኖ ተቀበለን።

"ሚስቴን የምታስመሽብኝ አንተ ነህ?" አለው።

"ጋሼ፣ ሥራ በዝቶ ነው።"

"የበዛውስ ስህተትህ ነው አሉ። መልክህ ግን እንደነገረችኝ አይከፋም።"

ስለ መልኩ አንድም ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

"እኔ እኮ ከሁሉም የተሻልኩት ነኝ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ሌሎቹን አታምጣብኝ። ስማ ልጄ፣ በሰዓቱ ሰርቪሱ ላይ አሳፍርልኝ። ሌላ አልጠይቅህም።"

በማግስቱ ልጁ ወንበሩን ወደ ጎረቤቱ አዞረና "እስቲ ይህን እይልኝ" አለ። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ተከተሉት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወደ ጠረጴዛዬ የሚጠጋ ሰው ሲያይ ልጁ "እትዬ ዘግተዋል" እያለ ይመልሳል። አለቃችን ስልጠናው ፍሬ አፈራ ብሎ ለበላዮቹ ሪፖርት አደረገ፤ ደስታውን ያበላሸበት የለም። እኔም እስከ መጨረሻው ድረስ፣ ባለቤቴ ሳይተኛ እየደረስኩ፣ "ዛሬስ ያ መልከ መልካም ምን አበላሸ?" ሲለኝ አመሽ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ጥቁር ለብሼ ሥራ ገባሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጁን "የጨረስከውን ስጠኝ፣ አምሽቼ ልየው" አልኩት።

ሰዓቱን አየ። "ዘጠኝ አልፏል፣ እትዬ።"

"ቤት የሚጠብቀኝ የለም እኮ።"

"አውቃለሁ።" ቦርሳዬን አነሳና እስከ ሰርቪሱ በር ሸኘኝ። "ጠዋት ይደርሳል። ሁለት ሰው አይቶታል፤ ግን እንዳይከፋዎት ስህተት ትተንልዎታል።"

ጠዋት ፈተሽኩት። አላጋነነም፤ ስህተት ነበረበት።