ከያይ ንደላ እጅ ያነሰ ዓሣ

ያይ ንደላ ሴክ የእግዜር ሰላምታ እንኳ አገላብጣ ሳታይ አትቀበልም። ካያር ባሕር ዳርቻ ላይ ጎን ለጎን ዓሣ ስናጨስ አርጅተናል፤ ዛሬም ስታወራኝ አንድ ዓይኗ ምድጃዋ ላይ ነው፣ እንዳልሰርቃት።

የባሕሩ ሽማግሌዎች የጀልባዎቹን ዓሣ እንድታይ የመረጧትም ለዚሁ አመሏ ነው። መለኪያዋ እጇ ነው። ሰርዲኑን ከእጅ አንጓዋ እስከ መሃል ጣቷ ጫፍ ታጋድመዋለች። ካነሰ ገና ያልወለደ ልጅ ነው ማለት ነው፤ ያጠመደው መረብ ይቃጠላል።

አንድ ጠዋት ባራ ጌይ ጀልባውን ሞልቶ ገባ። መረቡን የገዛው የሚስቱን ወርቅ ሸጦ ነው፤ ከእሱ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ያይ ንደላ አንድ ሰርዲን አንስታ ለካች፤ አነሰ። ሌላም አነሳች፤ እሱም አነሰ።

«አንተ ሌባ!»

ዳርቻው በሳቅ ፈነዳ። የሴክ ዘር የጌይን ዘር ሌባ ቢል፣ ጌይም ሴክን ሆዳም ቢል ከአያቶቻችን የወረስነው ቀልድ ነው፤ ማንም አይቀየምም።

«አንቺ ሆዳም፣ ቁርስ አልበላሽም እንዴ?» አላት ባራ እየሳቀ።

«አልቀለድኩም። ሕፃናት ነው የለቀምከው። መረቡ ይቃጠላል!»

ባራ ክው አለ። «ያይ፣ በናትሽ! ልጆች አይደሉም። ሆዳቸውን ክፈቺው።»

«ምን አስቸኮለህ? ያዘጋጀኸው ነገር አለ ማለት ነው።»

እሱ ያቀበላትን ዓሣ ገፍታ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ክምሩ ውስጥ አስገብታ ከታች ራሷ አንድ መዘዘች። በቢላዋ ቀደደችው። በእንቁላል ተሞልቷል። ሌላ ቀደደች፤ ያም እንደዚያው። እንቁላሉን አሸተተችው።

«ያይ፣ እኔ ያጎረስኩት መሰለሽ?» አለ ባራ። ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ ከዳር ሆነው ሲያዩ የነበሩት ሽማግሌዎችም እንቁላል የያዘ ልጅ አይደለም፣ መረቡ ተርፏል ብለው ፈረዱ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ዓሣውን እንደገና እጇ ላይ አጋደመችው፤ ያው አነሰ። እኔም ሳቄን ዋጥኩ። በልጅነታችን ይህን ያህል ያነሰ ሰርዲን እንቁላል ይዞ አይተን አናውቅም።

«ምን አየሽ?» አልኳት።

«ትልልቆቹን ለቅመን ጨረስን» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እነዚህ ሳያድጉ የወለዱት ጠርጥረውን ነው። እስክናድግ አይጠብቁንም ብለው።»

ዓሣውን ወደ ቅርጫቱ መለሰችው።

«ደግሞ አልተሳሳቱም» አለች።