«እሷማ አርፋለች»

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። የሰማው ሁሉ ይስቅበታል፤ እኔም እስቃለሁ። የእኔ ሳቅ ግን ቂም አለበት፤ ለዚህም ነው ከአእምሮዬ የማይወጣው።

መርካቶ መጋረጃ እሸጣለሁ። ከጎኔ ያለው የመጋረጃ ሱቅ የጋሼ ደምሴ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ከአንጀቴ ስላልሆነ ትቼዋለሁ። ዞር ባልኩ ቁጥር ደንበኞቼን «እሷማ ሥራውን ትታለች» እያለ ወደ ራሱ ሱቅ ያስገባቸው ነበር። ጭምጭምታውን ሰምቼ ስጠይቀው «ምስክር አምጪ!» ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። ምስክር አልነበረኝም። ሁለት ልጆች የማሳድገው በዚያች ሱቅ ነው፤ ገበያዬ ሲቀዘቅዝ እርር ድብን አልኩ።

የዚያን ቀን ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። ሱቄን ቆልፌ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ መጋረጃ የሚሰፋልኝ ሰው ጋ ሄድኩ። ታላቅ ወንድሜ አዱኛ ሳይነግረኝ ከጎጃም የመጣው ልክ በዚያች ሰዓት ነው። ቢደውል ስልኬ ዝግ፤ ሱቄም ዝግ።

«የዚህች ሱቅ ባለቤት የት ሄደች?» ብሎ ጋሼ ደምሴን ጠየቀው።

ገዢ መሰለው። «እሷማ አርፋለች» አለው። «ና ግባ፣ የምትፈልገው ሁሉ እኔ ጋ አለ።»

ስመለስ ከሩቅ ለቅሶ ሰማሁ። ሰው ገፍቼ ስገባ ወንድሜ «ወይኔ ብርቱካን! ወይኔ እህቴ!» እያለ ደረቱን ይደቃል። ጎረቤቶቼ «ኧረ ጠዋት ደህና ነበረች!» እያሉ አብረውት ያለቅሳሉ።

«አዱኛ!» አልኩት።

ሲያየኝ ዘሎ ተጠመጠመብኝ። እስኪረጋጋ አቅፌው ቆየሁ። ከዚያ «ሞታለች ያለህ ማነው?» ስለው ወደ ጋሼ ደምሴ ጠቆመ።

«ኧረ እኔ ሞተች አልወጣኝም! አርፋለች ማለቴ... ሥራ ትታለች ለማለት ነው!»

ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ምን እንዳለ ገባው። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ማነው ሥራ የተወው ጋሼ? እስቲ ይድገሙት፣ ሰው ሁሉ ይስማ» አልኩ።

ይባስ ብሎ እትዬ ሙሉ የሚባሉ የድሮ ደንበኛዬ ሊገዙ መጥተው እዚያው ቆመው ኖሯል። «ለእኔም ባለፈው እንዲሁ ብሎኝ ከእሱ ገዝቼ ሄድኩ!» ብለው ጮኹ። ያ ሲያለቅስ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቁን ለቀቀው።

ሽማግሌዎች ታረቂ አሉኝ። በአንድ ነገር ተስማማሁ፦ እኔ በሌለሁበት ደንበኛ ከመጣ፣ ጋሼ ደምሴ ራሱ በርጩማ ሰጥቶ «አሁን ትመጣለች» እያለ ሊያስቀምጥልኝ።

ያደርገዋል። አንዳንድ ቀን ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ ሱቄን ዘግቼ፣ ማዶ ቆሜ ደንበኞቼን ሲያስተናግድልኝ አየዋለሁ። የወንድሜ እንባ ዛሬም ያሳዝነኛል። ጋሼ ደምሴን ግን ይቅር ብዬዋለሁ ብል ውሸት ነው። ገና አልጠገብኩም።