አማቴ ያሸተቱት የሞተር ዘይት

ባለፈው ቅዳሜ ከአረካ ወደ ሶዶ ስንመለስ ምራቴ ትዕግስት የመኪናውን መስኮት እስከ ታች አውርዳ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። መኪናዋ የልጄ የበረከት ናት። ከአንዱ ወደ አንዱ ስትዞር የኖረች አሮጌ ብትሆንም እሱ እንደ ሙሽራ ነው የሚያሽሞነሙናት። "ቤንዚን ይሸተኛል፤ በጣም ነው የሚሸተኝ" አለች ትዕግስት። በረከት ሳቀ። "እርጉዝ ናት እኮ እማዬ። ትናንት ሳሙናው ሸተተኝ ብላ ከነማስቀመጫው አስጥላኛለች" አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

እኔ ምንም አልሸተተኝም። ቢሆንም "እርጉዝ ናት እኮ" የምትለዋ ነገር ጆሮዬ ስትገባ እንደ ድሮው ንዴቴ መጣ። ኤጭ! ይህችን አባባል መጀመሪያ ያወጣት ሰው ምነው ያን ቀን ምላሱ በተሳሰረ! በረከት አያውቅም እንጂ፣ እሱን ራሱን በሆዴ ይዤ ሳለሁ ሰው ሁሉ አፌን የሚዘጋኝ በዚህችው ነበር።

ያኔ ከአባቱ ከማርቆስ ጋር ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም። የምንኖረው እዚሁ ሶዶ፣ ከእናቱ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ማርቆስ አንዲት ያረጀች ሰማያዊ ፒክአፕ ነበረችው። ከአረካ ዝንጅብልና ስኳር ድንች፣ በገበያ ቀን ደግሞ ከጆንያው በላይ ሰው ጭኖባት ይመጣል። ቤታችን የሚበላው ከእሷ ነው፤ እሷ ከቆመች እኛም ቆመናል። ክረምቱ ከባድ ነበር፤ ግቢው ጭቃ፣ የታጠበ ልብስ አይደርቅ፣ ትራሱ ሳይቀር እርጥብ እርጥብ ይሸታል። አፍንጫዬ የተከፈተው እንግዲህ በዚያ ክረምት ነው።

ምን ያልሸተተኝ ነገር ነበር! ዳጣ ሲፈጭ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝናብ የመታው ዶሮ፣ የማርቆስ ኮት። የሁሉም ክፉ ግን ቅቤ ነበር። ቅቤ ደግሞ የአማቴ እንጀራ ነው። እኔም እንደ ልጆቻቸው "አዬ" ነበር የምላቸው፤ በወላይትኛ እናቴ እንደማለት ነው። አዬ ከሻንቶ ገበያ ቅቤ እየገዙ ሶዶ አምጥተው ይሸጡ ነበር። ሲገዙ አይቸኩሉም። በጣታቸው ጫፍ ከተጠቀለለበት ቅጠል ላይ ቆንጠር አድርገው የእጃቸው ጀርባ ላይ ይቀቡና በገላቸው ሙቀት እስኪቀልጥ ዝም ብለው ይቆማሉ። ሻጯ ብትጮህ፣ ገበያው ቢበተን ግድ የላቸውም። ከቀለጠ በኋላ ነው ወደ አፍንጫቸው የሚያስጠጉት። ሞራ ወይም የተቀቀለ ድንች የገባበት ቅቤ ከእሳቸው አያመልጥም። ነጋዴዎች ሲጣሉ ቅቤውን ይዘው ወደ እሳቸው ይመጣሉ፤ "ተቀላቅሏል" ካሉ አበቃ፣ ክርክር የለም።

የእኚህ ሴት ምራት እንግዲህ ቅቤ ሸተተኝ እያለች አፏን ይዛ ከጓዳ ስትሮጥ አስቡት። አዬ ተቀየሙኝ። በፊቴ ምንም አይሉም፤ ለጎረቤት ግን እኔ እየሰማሁ "የከተማ ልጅ አይደለች፣ ምን ታድርግ" ይላሉ።

ማርቆስ በየጠዋቱ ኮፈኑን ከፍቶ የሞተር ዘይቱን ይለካል። የመለኪያውን ዘንግ ይመዛል፣ በጨርቅ ይጠርጋል፣ ይከትታል፣ እንደገና መዝዞ አፍንጫዬ ሥር ያመጣዋል። "አየሽ? ጠብታ አልቀነሰም። የሰው መኪና ዘይት ሲጠጣ ይውላል፣ የእኔዋ ጾመኛ ናት።" ጨርቁን ደግሞ ወጥ ቤቱ በር ላይ ባለችው ሚስማር ይሰቅለዋል። ወይ ያ ጨርቅ! ጥቁር፣ የሚያሙለጨልጭ፣ ዝንብ እንኳ የማያርፍበት። ወጥ ላማስል በገባሁና በወጣሁ ቁጥር ቋቅ ይለኛል። አንድ ጠዋት ግን ትንፋሼን ያዝ አድርጌ ልብ አልኩት። አሮጌ የሞተር ዘይት እንዴት እንደሚሸት አውቃለሁ፤ ከበድ ያለ፣ የተቃጠለ ነገር ሽታ ነው። ይሄኛው ግን አፍንጫ ውስጥ ገብቶ የሚወጋ፣ ዓይን የሚያስለቅስ ነው። ቤንዚን!

"ማርቆስ፣ ይሄ ጨርቅ ቤንዚን ይሸታል" አልኩት።

"መኪና ቤንዚን ካልሸተተ ምን ይሽተት፣ ሽቶ?"

"ከታንከሩ መቼ አልኩህ? ከዘይቱ ነው። ዘይት ውስጥ ቤንዚን ምን ይሠራል?"

"እርጉዝ ነሽ እኮ የኔ ቆንጆ" አለና ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎኝ ወጣ። በዚያው ዘይት በነካ ጣቱ! ፊቴን በሳሙና ብፈትገው ብፈትገው ሽታው አልለቅ አለኝ። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ ሳስታውሰው እንኳ ጉንጬን በእጄ ጀርባ እጠርጋለሁ።

እየቆየ ነገሩ ባሰ። ዘይቱ መቀነስ ቀርቶ መጨመር ጀመረ። በዘንጉ ላይ ካለው የላይኛው ምልክት አልፎ ሲታይ "ማን ጨመረበት?" ብዬ ጠየቅኩት። "ማንም! የልጁ ገድ ነው" አለ፤ የምሩን ነው። ይህንኑ ሻይ ቤት ወስዶ አወራው። ሾፌሮቹ ቀኑበት አሉ፤ አንደኛውማ "እኛም ሚስቶቻችንን እናስረግዛ" ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። ፒክአፗ ግን የሶዶን ዳገት ስትይዝ ማቃሰት ጀምራ ነበር። ማርቆስን ብትጠይቁት ጥፋቱ የዳገቱ ነው።

ለአዬም ነገርኳቸው። ለእኔ ሳይሆን ለጎረቤታችን ነው የመለሱት፦ "ቅቤዬ ሸተታት፣ ባሏ ሸተታት፣ አሁን ደግሞ መኪናው። ስትወልድ ይተዋታል።" ሰፈሩ "እመት መካኒክ" እያለ ይጠራኝ ጀመር። እውነቱን ልናገር፣ ከጨርቁ ይልቅ ያቅለሸለሸኝ ይሄ ነው። ያን ሁሉ ቀን አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ጎንበስ ብሎ አላሸተተም። የሴት ሆድ ሲገፋ ጭንቅላቷ አብሮ የሚወጣ ነው የሚመስላቸው።

መስከረም አጋማሽ አለፈና ጊፋታ ደረሰ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ዘመድ ከያለበት ተሰብስቦ በሬ ይጥላል፣ ከእንሰት የሚሠራው ሙቹዋ በቅቤ ይርሳል፣ የተጣላ ይታረቃል። እኛ የምንሄደው ቁልቁል ወደ ሁምቦ፣ የአዬ ወንድሞች ቤት ነበር። ለእኔ የመጀመሪያዬ ነው። አዲስ ሙሽራ የመጀመሪያውን ጊፋታ ከባሏ ዘመዶች ጋር ካልዋለች ናቀችን ይላሉ፤ ያ ደግሞ በዋዛ የሚረሳ ነገር አይደለም። ጠዋት አዬ በቅጠል የጠቀለሉትን ቅቤያቸውን ይዘው ከኋላ ወጡ። የማርቆስ አክስቶች፣ እህቱ፣ የዘመድ ልጆች፣ ሁሉም እየዘፈኑ ተጫኑ። የእኔ ቦታ ከፊት ከማርቆስ ጎን ነው፤ ገና አልገባሁም። ሞተሩን ሲያስነሳው ያ ሽታ በዚያ ብሩህ ጠዋት ፊቴን እንደ ጥፊ መታኝ።

"አልገባም" አልኩ።

ዘፈኑ ቆመ። ማርቆስ ከውስጥ በሩን ይዞ "በሰው ፊት አታዋርጂኝ፤ ግቢ" አለኝ ጥርሱን ነክሶ።

"አልገባም። ልጆቹም ይውረዱ። ይቺ መኪና ጤና የላትም።"

አዬ ከላይ ሆነው ቁልቁል አዩኝ። "ዘመዶቼም ሸተቱሽ እንዴ?" አሉ። "እንግዲያውስ ምንም የማይሸትበት እናትሽ ቤት ሂጂ!"

ይህ ቀልድ አይደለም። ያን ቀን እናቴ ቤት ብሄድ ኖሮ መመለሻዬን እንጃ። ከንዴት የተነሳ እንባዬ መጣ። ይኸው አለቀሰች እንዳይሉኝ ዞር ብዬ "አጥፋው" አልኩት ማርቆስን። ኮፈኑን እኔው ከፈትኩ። በየጠዋቱ ሲያደርግ እንደማየው ዘንጉን መዘዝኩ፤ ጨርቁ ወጥ ቤት በር ላይ ነው፣ ስለዚህ ለበዓል በተገዛልኝ ነጭ ነጠላ ጠረግኩት። አክስቶቹ ጮኹ። ያንን የጠቆረ ነጠላ ይዤ አዬ ወዳሉበት ቀረብኩ።

"አዬ፣ እኔን አይመኑኝ። እርጉዝ ነኝ፣ ሁሉ ነገር ይሸተኛል። እርስዎ ግን እርጉዝ አይደሉም። እንደ ቅቤ አድርገው ይዩልኝ።"

ቁጣቸው አልበረደም፤ ግን "እዩልኝ" ያላቸውን ሰው መልሰው አያውቁም። ቅቤውን ለማርቆስ እህት ሰጥተው ወረዱ። ከነጠላዬ ላይ በጣታቸው ጫፍ ወስደው የእጃቸው ጀርባ ላይ ቀቡትና ቆሙ። ጠበቁ፣ ጠበቁ፤ ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አንዴ ሳቡ። ደገሙት። ፊታቸው ጭምድድ አለና "እፍ! እፍ!" ብለው ወደ ጎን ተፉ።

"ተቀላቅሏል" አሉ፣ በዚያው በገበያ ድምፃቸው።

"አዬ፣ ቅቤ አይደለም እኮ፣ የሞተር ዘይት ነው" አለ ማርቆስ።

"ዝም በል! የተቀላቀለ ተቀላቅሏል። ሁላችሁም ውረዱ!"

ወረዱ። ለበዓል ሊወጣ ሲል የተያዘ አንድ መካኒክ እያጉረመረመ መጣ። ቁራጭ ጨርቅ ዘይቱ ውስጥ ነክሮ፣ ራቅ አድርጎ ክብሪት ጫረበት፤ ቦግ አለ። "ደህና ዘይት እንዲህ አይነድም" አለ፤ ማጉረምረሙንም ተወ። የቤንዚን ፖምፓውን ፈትቶ ውስጡ ያለችውን የጎማ ሽፋን አሳየን፤ ተቀድዳለች። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ቤንዚኑ በቀዳዳው ወደ ዘይቱ ሲወርድ ከርሟል። ዘይቱ ቀጥኖ ውኃ ሆኗል፤ ብረት ከብረት ሲፋተግ ሊያድነው አይችልም። "ይሄን ሁሉ ሰው ጭነህ ብትወርድ ሁምቦ ሳትደርስ ሞተሩ ደርቆ ይቆም ነበር፤ ያውም እሳት ካልተነሳ" አለው። ዘይቱ ሲቀዳ የግቢው ሽታ አይነሳ! ማርቆስ ግን አሁንም "ለአጥሩ እንጨት፣ ለምስጥ ይሆነኛል" እያለ ባሊውን ሊያነሳ ነው። "ድፋው!" አሉት አዬ።

በማግስቱ በሰው መኪና ሁምቦ ወረድን። ሙቹዋውን መጉረስ አልቻልኩም፤ አዬ ግን ማንም እንዳያስገድደኝ ከጎኔ ተቀመጡ። ማርቆስ ሻይ ቤት ሲያወራ "እናቴ አሽትታ አገኘችው" ነው ያለው፤ እኔን አላነሳም። ዕድሜ ልኩን እንዲሁ እንዳወራ ሞተ፤ ነፍሱን ይማርና ይሄኛው ነገሩ አሁንም ያስጠላኛል። አዬ ግን ከሻንቶ በተመለሱ ቁጥር ቅቤ የእጄ ጀርባ ላይ ቀብተው "እስቲ እዪልኝ" ይሉኝ ጀመር። እያቅለሸለሸኝ አሸትላቸው ነበር።

ቅዳሜ ዕለት መኪናው ውስጥ ይህ ሁሉ ትዝ አለኝና "አቁም" አልኩት በረከትን። ዳር ያዘ። ኮፈኑን ከፍቶ ዘንጉን መዘዘና አሸተተ። "ምንም የለውም እማዬ።" ተቀብዬ የእጄ ጀርባ ላይ ቀባሁት፣ ጠበቅኩ፣ አሸተትኩ። ምንም። ለልጆቼ አልነገርኳቸውም እንጂ ያ ክፉ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ አፍንጫዬ በርበሬና ቡና አይለይም። እጄን ለትዕግስት ዘረጋሁላት። ገና ሳታስጠጋው አፏን ይዛ ወደ ቦዩ ዳር ሮጠች።

"ያው እርጉዝ..." ሲል በረከት፣ "ዝም በል!" አልኩት። "እኔና እሷ በሚኒባስ እንገባለን። አንተ መካኒክ ፈልገህ አምጣ።"

"እንዴ! አንቺ ራስሽ ሸተተሽ?"

"አልሸተተኝም። እሷን ሸተታት፤ አልሰማህም?"