ፊቴን ሊያይ የመጣው ሰውዬ

ትናንት ዙሪክ አጠገብ ባለው የዋሊሰለን ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ፣ አጠገቤ የቆመች ልጅ ከቦርሳዋ የቤዝቦል ጓንት አወጣች። የቆዳው ሽታ ወደ አሥራ ሰባት ዓመቴ መለሰኝ።

ያን ቀን ዙሪክ ሜዳ ላይ ኳስ ወርዋሪው እኔ ነበርኩ። ለአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ተጫዋች የሚመለምል ሰው መጥቶ ከመቺው ጀርባ ካለው መረብ ኋላ ተቀምጧል። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ አክስቴ አልማዝም፣ ቪንተርቱር ከተማ ከምታጸዳው ሆስፒታል በቀጥታ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ኳሴን መቺው በዱላው ከአጥር ውጭ ላከው። ፊቴ ተኮሳተረ፤ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ አክስቴ ሰውየውን በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፣ "ፍጥነቱን ነው የሚጽፉት?" አለችው።

"ፍጥነቱንማ በቪዲዮ አይቻለሁ። ሲመቱበት ፊቱ ምን እንደሚመስል ለማየት ነው የመጣሁት" አላት።

ወዲያው ብድግ ብላ በአማርኛ፣ "አንተ ልጅ፣ ፊትህን ፍታው፤ ሰውየው እሱን ነው የሚጽፈው" ብላ ጮኸች።

እዚያ ሜዳ አማርኛ የሚሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳቄ አመለጠኝ። እየሳቅኩ ወረወርኩ፤ ቀጥለው የመጡት ሦስት መቺዎች ኳሱን ሳይነኩት ወጡ።

በባቡር ስንመለስ፣ "ምን ጻፈ?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቄ። እኔ ብሆን ግን፣ ሲስቅ ቁርጥ እናቱን ነው ብዬ እጽፍ ነበር" አለችኝ።

ትናንት ባለጓንቷ ልጅ ብቻዬን ስስቅ አይታ ምን እንዳሳቀኝ በጀርመንኛ ጠየቀችኝ። ከየት እንደምጀምርላት ግራ ገባኝ።