ጣርማበርን በሁለተኛ ማርሽ

ደሜ ቶሎ የሚፈላ ሴት ነኝ። ከሚሴ ውስጥ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና የምነዳ ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ማደያ በገባሁ ቁጥር ቀጂው አንገቱን አስግጎ ጋቢናውን እያየ "ሹፌሩ የታለ?" ይለኛል። ለእሱ መልስ አጥቼ አላውቅም። መልስ ያጣሁት ለአንዲት ሴት ብቻ ነበር፤ ላገባው ለተስማማሁት መምህር እናት።

ክፉ ሆነው አይደለም። በሰፈሩ እንደ እሳቸው ለጎረቤት የሚደርስ የለም። ብቻ ነገሩ አልዋጥላቸው አለ። "ሰው ሴት ልጁን ለሹፌር ይድራል እንጂ፣ ወንድ ልጁን ለሹፌር ይድራል እንዴ?" ይሉ ነበር አሉ። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። መንገድ ላይ ስንገናኝ "አከም ጅርታ፣ ሹፌሯ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይሉኝና መልሴን ሳይጠብቁ ያልፋሉ። ልጃቸው ደግሞ እናቱ ሳይመርቁት ኒካህ አያስርም። እኔም አላስገድደውም፤ የእናት ምርቃት የሌለበት ትዳር እኔንም ያስፈራኛል። እንዲህ ሆነን ሽማግሌ የሚላክበትን ቀን ስንጠብቅ ሁለት ዓመት አለፈን።

አንድ እሑድ ጠዋት አራት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ጭኜ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው።

"እናቴ ዓይኗን ታክማ እዚያው ደብረ ብርሃን ናት። መኪና አጥታለች። ዛሬ ደግሞ የእህቷ ልጅ ሠርግ ነው፤ ካልደረሰች ጉድ ይፈላል። በአላህ፣ ይዘሻት ነይ።"

"እሺ ይሉኛል?"

"ምን አማራጭ አላት?" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

መናኸሪያው በር ላይ ሐኪም የሰጣቸውን ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ፌስታላቸውን ታቅፈው ቆመው አገኘኋቸው። መኪናውን ከታች እስከ ላይ አዩት። "ቢስሚላህ" ብለው አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አኖሩ፣ ሁለተኛው እግር እምቢ አለ። ምን ላድርግ? ከኋላ ሆኜ በትከሻዬ ገፋሁ። ልጃቸውን የምፈልግባቸውን ወይዘሮ በሰው ፊት መቀመጫቸውን ገፍቼ ሰቀልኳቸው፤ ያረቢ፣ እፍረቴ! እሳቸው ግን ሻሻቸውን አስተካክለው "ቶሎ እንሂድ" ብቻ አሉ።

የቸኮሉት በከንቱ አይደለም። ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ደጃፉ ላይ ዱዓ አድርገው የሚመርቋት እሳቸው ናቸው፤ የቤተሰቡ ታላቅ ስለሆኑ። ከዐስር ሶላት በፊት ከሚሴ መድረስ ነበረባቸው።

ጣርማበር ዋሻው ጋ ሳንደርስ ዳር ይዤ ቆምኩ።

"ደግሞ ምን ሆንሽ?"

"አዮ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር መኪናውን ልየው።"

በሰፈራችን እናትን አዮ እንላለን። እንዲህ ብዬ ስጠራቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ወርጄ ጎማውን በመዶሻ መታ መታ አደረግኩ፣ የሸራውን ገመድ አጠበቅኩ፣ ተመልሼ የፍሬኑ ንፋስ መሙላቱን አየሁና ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። ከባድ መኪናን ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ሞተሩ ነው። ማርሹን የምትመርጠው ገና ላይ ሳለህ ነው፤ መሃል ላይ ልለውጥ ካልክ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው አልገባም ይልሃል፣ ያን ጊዜ ያ ሁሉ ጭነት በፎሌ፣ ምንም ማርሽ ሳይይዘው፣ ይወርዳል። ፍሬኑንም ጫን አድርገህ ትለቀዋለህ እንጂ እግርህን ጥለህበት አትቀመጥም። ይግልና ጭራሽ አልይዝም ይላል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው።

"እሺ፣ አሁን ንጂ" አሉኝ።

ከዋሻው ስንወጣ ጉሙ ገለጥ አለና ገደሉ እስከ ታች ወለል ብሎ ታየ። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሱብሃነላህ! ይሄ ገደል ስመጣም ነበር?"

"ነበር አዮ። ያኔ ዓይንዎ ስለማያይ ነው።"

"ምነው ከሠርጉ በኋላ በታከምኩ!"

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ከንፈራቸው ትንሽ ፈገግ ሊል ሲል ያዙት። ፍርሃታቸው ግን ብዙ አልቆየም፤ ሁለት ኩርባ እንደወረድን ንዴት ተካው። ሚኒባስ አለፈን። በሬ የጫነ መኪና አለፈን። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ሲያጓራ "ይሄ መኪና ታሟል እንዴ?" ይሉኛል። አንድ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ደግሞ ነበሩ። እኛ በአስፋልቱ ስንዞር እሳቸው በእግር መንገዱ ቀጥ ብለው ይወርዱና በሚቀጥለው ኩርባ ላይ ከፊታችን ብቅ ይላሉ። በመጀመሪያው ኩርባ በዱላቸው ሰላም አሉን። በሁለተኛውም ሰላም አሉን። በሦስተኛው ቁጭ ብለው እያረፉ ነበር።

"አህያ ቀደመን!" አሉ አዮ፣ ጭኔን መታ አድርገው። "ወላሂ፣ አህያ ቀደመን! ዴሚ እንጂ! ሂጂ!"

"አህያው ሲሚንቶ አልጫነም አዮ።"

"አፍሽማ ይፈጥናል።"

ኩርባዎቹ አለፉና መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ አለ። ከፊት መኪና የለም። እሳቸው ሰዓት ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ድምፃቸውን አለሰለሱ።

"ስሚኝ። ዐስር ሳይደርስ ካደረስሽኝ፣ የልጄን ነገር እሺ እላለሁ። ሽማግሌ እልካለሁ።"

ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ቃል! ልቤ ዘለለች። አንዲት ማርሽ ብቻ ብጨምር ምን ይመጣል፣ አልኩ። እጄ ማርሹን ጨበጠ፣ እግሬ ሞተሩን ከጎማው የሚያለያየውን ፍሪሲዮን ረገጠ። የሞተሩ ጩኸት ባንዴ ጠፋ። ጭነቱ ከኋላ ሲገፋኝ ወገቤ ላይ ተሰማኝ፤ ከመንገዱ ዳር ያሉት ድንጋዮች መሮጥ ጀመሩ። ማርሹን ሳልነቅል ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት። ሞተሩ አጓርቶ ያዘ፣ ሁለታችንም ወደፊት ተወረወርን። ፍሬኑን ጫን አድርጌ ለቀቅኩ፣ ደግሜ ጫንኩ፣ ለቀቅኩ። መኪናው ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ተመለሰ። አልሃምዱሊላህ! በራሴ በጣም አፈርኩ፤ ለመወደድ ብዬ ሁለት ነፍስ ላጠፋ ነበር።

በራሴ ያፈርኩትን በእሳቸው ላይ አወጣሁት።

"አዮ፣ ይስሙኝ! ልጅዎን ይከልክሉኝ። አለቅሳለሁ፣ ይወጣልኛል። አንቱን ግን ከዚህ ገደል በደህና አወርዳለሁ። ፍጠኚ የሚል ቃል ሁለተኛ እንዳልሰማ!"

በትልቅ ሰው ላይ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። እናቴ ብትሰማ በጥፊ ትለኝ ነበር። እሳቸው ከፌስታላቸው ሙስበሃቸውን አውጥተው መቁጠር ጀመሩ። አለቀልኝ አልኩ በልቤ። እስከ ደብረ ሲና ድረስ በሁለተኛ ማርሽ ወረድን፤ እኔ እንባዬን እየዋጥኩ፣ እሳቸው ዚክራቸውን እያደረጉ።

ደብረ ሲና ላይ ወርጄ በየጎማው ዞርኩና መዳፌን ከጎማዎቹ ብረት አጠገብ እያደረግኩ ሙቀቱን ሞከርኩ። ቀና ስል በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያዩኛል።

"ምንድን ነው የምትነኪው?"

"ፍሬኑ ግሎ እንደሆነ ነው።"

"ግሏል?"

"ለብ ብሏል።"

"እንደ ሕፃን ገላ መታጠቢያ?"

"እንደሱ።"

"እህ" አሉና አንገታቸውን መልሰው አስገቡ።

ከሸዋ ሮቢት በኋላ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ለቀቅ አደረግኩት። ሰንበቴን አልፈን ጨፋ ሮቢት ስንቃረብ ስልካቸው ይጮህ ጀመር። እህታቸው ናቸው፤ የወንዱ ወገን መጥቶ ዘፈን ጨርሶ፣ ሙሽራይቱን አምጡ እያለ ነው። "እየመጣን ነው" ይሏቸውና አዮ ይዘጋሉ። እንደገና ይደወላል፣ እንደገና ይዘጋሉ። እኔን ግን ፍጠኚ አላሉኝም። ከሚሴ ስንገባ የዐስር አዛን እየተሰማ ነበር።

ያን መኪና ወደ ሰፈር ማስገባት ስለማይቻል ዋናው መንገድ ዳር አቁሜ ባጃጅ ያዝን። የባጃጁ ልጅ ጉድጓዱንም ጉብታውንም ሳይለይ ሲነጉድ አዮ ጀርባውን በፌስታላቸው መቱት።

"ሱታ! ቀስ በል! ነጂ አላየህም?"

ወዲያ ዞሬ ሳቅኩ። ዐስር ግን አልፏል፤ ቃል የገቡልኝ ከዚያ በፊት ካደረስኳቸው ነበር፣ እኔም አላደረስኳቸውም። አውርጄ ልመለስ፣ ሲሚንቶዬን ኮምቦልቻ ላራግፍ ብዬ ወሰንኩ።

ግቢው በሰው ሞልቷል። ሙሽራዋ ተሸፋፍና ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ የወንዱ ወገን ድምፁ ሰልሎ ከድንኳኑ ስር ተኮራምቷል። አዮን ሲያዩ ሴቶቹ ባንዴ ተንጫጩ። እህታቸው ወገባቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

"የት ነበርሽ በአላህ! ልጂቱ እኮ በቁሟ ልትቀር ነው! ሰው ሁሉ አንቺን ጥበቃ ሞተ!"

እኔ በሲሚንቶ አቧራ የነጣ ጫማዬን እያየሁ ከበሩ ውጭ ቆሜያለሁ። አሁን በእኔ ያሳብባሉ፣ ሹፌሯ ናት ያዘገየችኝ ይላሉ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ይሰማል፣ በቃ። አዮ ፌስታላቸውን ለአንዷ አቀበሉና እጃቸውን አወናጨፉ።

"እኔ ምን ላድርግ! ምራቴ ናት! ገደሉን በእንፉቅቅ አወረደችኝ፤ አህያ እንኳ ቀደመን! ብናገራት ጮኸችብኝ!"

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ምራቴ ያሉት ማንን እንደሆነ እስኪገባኝ ድረስ ቆምኩ። ከገባኝ በኋላም ከደስታ የተነሳ ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም። አዮ ሙሽራዋን ለመመረቅ እጃቸውን ካነሱ በኋላ መልሰው አወረዱትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን ይገትርሻል እዚያ? ግቢና አሚን በዪ እንጂ!"