እትዬ ዘነቡ የሌሉበት ፎቶ

ዛሬ ጠዋት በነጻ የማሠለጥናቸውን ልጃገረዶች ማልያ ስዘፈዝፍ የበረኪናው ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ደሜ ፈላ። የእትዬ ዘነቡ እጅ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

እትዬ ዘነቡ በሰው አገር፣ ሄሮን በሚባል የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ተቀጥረው የሚኖሩ ሠራተኛ ነበሩ። የዕረፍት ቀናቸው ዓርብ ብቻ ነው። እሳቸው ግን አያርፉም፤ በሚኒባስ እኛ ሰፈር ቡላኦስ ድረስ መጥተው፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ ወገባቸው ላይ ሸጉጠው እኛን የሰፈሩን ልጆች ኳስ ያሠለጥኑናል። ማልያችንንም ወስደው የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው።

ዋንጫ የበላን ቀን ፎቶ ልንነሳ ስንሰለፍ የውድድሩ አዘጋጅ መጣ። እመቤታቸው ቤት ምሳ የሚጋበዝ ያገራችን ነጋዴ ነው። ገና ሲያያቸው፣ «አንቺ! የቤት ሠራተኛ እዚህ ምን ትሠራለች? ውጪ!» አላቸው። ወጡ። አንድ ቀን እንኳ ልምምዳችንን ያላየው ሰውዬ በቦታቸው ገብቶ ዋንጫውን አቀፈ።

ማጉረምረም ስንጀምር፣ «ዝም በሉ ልጆቼ፤ ዓርቤን እንዳታስነጥቁኝ» አሉን።

ቀን እንዴት ይነጠቃል ብዬ ገረመኝ። አሁን ገብቶኛል። አንዲት ቃል ቢመልሱለት ኖሮ እመቤታቸው ጆሮ ያደርሰው ነበር፤ ያቺ አንዷ ቀንም ትቀርባቸው ነበር።

ማልያውን ከባልዲው አውጥቼ እጄ እስኪቃጠል ፈተግኩት። የሚያበግነኝ ያ ነጋዴ ብቻ ቢሆን በተሻለኝ። ፎቶው ዛሬም ቤቴ አለ። እኔ ሰውዬው ክንድ ሥር ቆሜ፣ ጥርሴ ሁሉ እስኪታይ እስቃለሁ። ማልያዬ ጸዓዳ ነው።