ካሜራው ያያቸው የእሳት እራቶች

መጀመሪያ የጠፉብኝ የእሳት እራቶቹ ናቸው። አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት መካነ ሰላም ውስጥ የሳይንስ መምህር ነበርኩ። ማታ ማታ ጓሮዬ ውስጥ ነጭ አንሶላ እወጥርና ፋኖስ አጠገቡ ሰቅዬ፣ የሚያርፉትን የእሳት እራቶች በፍላሽ ፎቶ አነሳለሁ። ጎረቤቶቼ «ሰው እህል ሲያጣ መምህሩ ትል ፎቶ ያነሳል» እያሉ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ዝናብ በቀረበት ዓመት የትኛው ዝርያ እንደሚተርፍ ማወቅ አማረኝ።

በየካቲት አንሶላው ባዶ ሆነ። «ድርቁ ጨረሳቸው» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ለማስረጃ እንዲሆነኝ ባዶውን አንሶላ ደጋግሜ አነሳሁት፤ ፊልሙንም እንዲታጠብ በጭነት መኪና ሾፌር እጅ ደሴ ላክሁት። አገሩ በአድማ ታምሶ ስለነበር ፎቶዎቹ የደረሱኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። አንሶላው በእሳት እራት ተሞልቷል። ግራጫ፣ ቡኒ፤ አንዷማ መዳፍ ታክላለች። ካሜራው አይቷል። እኔ አላየሁም።

ክሊኒክ ሄድኩ። የክሊኒኩ ሕክምና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ዓይኔን ገልጦ ነጩ ላይ አረፋ የመሰለ ነጥብ አገኘ። ቢቶት ስፖት ይባላል አለኝ።

«ዳፍንት ነው፣ መምህር፤ ሲመሽ ማየት የሚከለክል። ቫይታሚን ኤ አንሶዎታል። ምንድን ነው የሚበሉት?»

ነገርኩት። ዝናቡ ሲቀር፣ እስኪዘንብ ድረስ ፍስክ ላልቀምስ ተስዬ ነበር። ሁዳዴው ቢፈታም እኔ አልፈታሁም። ከባለቤቴ ጋር በቀን አንዴ ቆሎ ወይም ንፍሮ እንቀምሳለን፤ የቀረው ተርበው በራችን ለሚመጡት ነው።

«እንዲህ ከቀጠሉ ኮርኒያዎ፣ የዓይንዎ የፊት መስታወት፣ ይቆስላል። ያኔ ቀንም አያዩም።»

ካፕሱል ሰጠኝ። ጉበት እንድበላም አዘዘኝ።

ፈራሁ። ዓይኔም አሳሳኝ፣ ስእለቴም አስጨነቀኝ። የነፍስ አባቴ ግን ሳቅ አሉ።

«አብሽር፣ ልጄ! መድኃኒት ነው። ከስእለትህ ፈትቼሃለሁ።»

ባለቤቴ አስካለ ጉበት ከተገኘበት እየፈለገች ታቀርብልኝ ጀመር። በሳምንቱ በመጀመሪያ የበሩን መቃን፣ ቀጥሎ የጌሾውን ቅጠል፣ በመጨረሻም አንሶላው ላይ እንደ ብናኝ የተበተኑትን ትንንሾቹን ሁሉ ያለ ፍላሽ ማየት ስችል፣ ደስታዬን ላካፍላት ወደ ጓሮ ጠራኋት።

«ያቺን ትልቋን ተመልከቻት!»

«የቷን?» አለች። እጇ ከአንሶላው ውጭ አየር ዳበሰ።

ደነገጥኩ። ፋኖሱን ወደ ፊቷ አስጠጋሁት። ቀኝ ዓይኗ ቀልቶ ያነባል።

«ለእግዜር የተባለ ቃል ሜዳ ላይ እንዳይቀር፣ የአንተን ስእለት እኔ ልጨርስልህ ብዬ ነው» አለችኝ።

ያን ሁሉ ጉበት በእጇ እየሠራች አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም። ሲነጋ ክሊኒክ ወሰድኳት።

«ለቀኙ ዘግይቷል። ግራውን እናድናለን» አለ ድሬሰሩ። እንዳለውም ሆነ።

ያንን ድሬሰር እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ፤ የነፍስ አባቴንም ነፍስ ይማር። ዳፍንት የያዛችሁ፣ ሲመሽ የሚያደናቅፋችሁ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ታከሙ። ስትሄዱ ደግሞ ከአንድ ገበታ አብሯችሁ የሚበላውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ከድርቅ የተረፈውን የእሳት እራት ሁሉ ስመረምር፣ አጠገቤ ያለችው አስካለ ማታ ማታ ምን እንደምታይ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።